ሆዳም ውሻ ባለበት አትክልት ቦታ የእንስሳ ሐውልት እንዴት ይሠራል?

የአትክልት ቦታ ሐውልት አሠራር የሚያስተምሩ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ሽቦው እንዴት እንደሚታጠፍ፣ ሲሚንቶው እንዴት እንደሚቦካ ይነግሯችኋል። ስለ ውሻው ግን ትንፍሽ አይሉም። ሐውልቱን መጀመሪያ የሚመረምረው ደግሞ እሱ ነው። ያሸተዋል፣ ይልሰዋል፣ ጠርዙን ነከስ ያደርጋል፣ በመጨረሻም እግሩን አንስቶ ይፈርምበታል። ሆዳም ከሆነማ ሐውልቱ እስኪያልቅ እንኳ አይጠብቅም። ከእጃችሁ የወደቀ ነገር ሁሉ ለእሱ ምግብ ነው። ምግብ መሆኑ ያልታወቀም ቢሆን መቅመስ አለበት።

እዚህ የማሳያችሁ በሲሚንቶና በሽቦ የሚሠራ፣ መሬት ላይ የተጋደመች ግልገል አሠራር ነው። ርዝመቷ 60 ሴንቲ ሜትር፣ እስከ ጭንቅላቷ ቁመቷ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በየደረጃው አንድ ጥያቄ እየጠየቅን እንሄዳለን፦ ውሻው ይህን ቢያገኘው ምን ያደርገዋል?

መጀመሪያ የማይሆኑት ነገሮች

ለሐውልት የሚመከሩ ብዙ ነገሮች ሆዳም ውሻ ባለበት ግቢ ፈጽሞ መግባት የለባቸውም። ከሁሉም የከፋው የጨው ሊጥ ነው። ከዱቄት፣ ከጨውና ከውሃ የሚቦካው፣ ልጆች ትንንሽ ቅርጽ የሚሠሩበት ማለቴ ነው። ውስጡ ያለው ጨው ብዙ ስለሆነ ውሻ ቁራጭ ቢበላ እንኳ ሊመረዝ ይችላል። ያስመልሰዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ሲብስም ይገድለዋል። መድረቁ ምንም አይለውጥም፤ ጨው ደርቆም ጨው ነው።

ሁለተኛው ሲደርቅ የሚያብጠው የፖሊዩሪቴን ማጣበቂያ ነው። ውሻ ቱቦውን ነክሶ ከዋጠው ማጣበቂያው ከሆዱ እርጥበት ጋር ተገናኝቶ ያብጣል፣ ከዚያም ይጠጥራል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በቀዶ ጥገና ነው። ጀሶም ሆድ ውስጥ የመጠጠር ጠባይ አለው። በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ ወረቀት ደግሞ፣ እናንተ ሐውልት ብትሉትም ለውሻው የደረቀ ዳቦ ነው። ነጩን ፎምም ተዉት። ቆርጣችሁ ስታስተካክሉት የሚበተነው ፍርፋሪ ሣር ውስጥ ይገባና ለቅሞ ይጨርሰዋል፤ ትልቅ ቁራጭ ከሆነም አንጀቱን ሊዘጋ ይችላል።

ሲሚንቶም ከጉዳት ነፃ አይደለም፤ እርጥብ እያለ አደገኛ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን። ከደረቀ በኋላ ግን የሚያጓጓ ነገር የለውም። ለአትክልት ቦታም ባዳ አይደለም። ፈረንሳዊው ጆሴፍ ሞኒዬ ሙያው አትክልተኝነት ነበር። ቶሎ ቶሎ የማይሰበር የአበባ ማስቀመጫ ፈልጎ ሲሚንቶውን በብረት መረብ አጠናከረና እ.ኤ.አ. በ1867 የፈጠራ መብት ወሰደበት። የዛሬው የፎቅ ኮንክሪት አንዱ ዘሩ ከዚያ የአበባ ማሰሮ ይመዘዛል።

ሆዳምነትና ሐውልትም የቆየ ትውውቅ አላቸው። ለንደን ክሪስታል ፓላስ መናፈሻ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1854 ለሕዝብ የታዩት የዳይኖሰር ሐውልቶች ዛሬም ቆመው ይታያሉ። ቀራጺያቸው ቤንጃሚን ዋተርሃውስ ሆኪንስ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 የመጨረሻ ምሽት፣ እንግዶቹን ኢጓኖዶን ለተባለው ዳይኖሰር በተሠራው ቅርጽ ውስጥ አስቀምጦ እራት ጋብዟል። ውሻ ብቻ አይደለም ሐውልት ሲያይ ሆዱ ትዝ የሚለው።

ደረጃ 1፦ የማይሰበር እንስሳ ምረጡ

ቀጭን እግር፣ ረጅም ቀንድ፣ ወደ ኋላ የተዘረጋ ጅራት ሲያዩት ያምራል። ውሻ በሩጫ መጥቶ ሲላተመው ግን ይቆረጣል። ምርጡ ቅርጽ የተሰበሰበ ነው፦ ዔሊ፣ ተጠቅልላ የተኛች ድመት፣ ክንፏን የሰበሰበች ዳክዬ። ግልገሏን የመረጥኩት እግሯን ከሆዷ ሥር አጥፋ ስለምትተኛ ነው። ቀንድም ገና አልወጣላትም። ጆሮዎቿ ወደ ታች ወድቀው ከጉንጯ ጋር ከተጣበቁ ውሻ ጥርሱን የሚያስገባበት ቦታ አያገኝም።

የእንስሳውን ፎቶ ከጎን፣ ከፊትና ከላይ ፈልጉ። የጎኑን መስመር በትክክለኛው መጠን ካርቶን ላይ ስላችሁ ቁረጡት። ይህ ካርቶን እስከ መጨረሻው መለኪያችሁ ነው። ጀማሪ ሁሉ ጭንቅላቱን አግዝፎ ወገቡን ያሳንሳል፤ ካርቶኑ ከዚህ ይጠብቃችኋል።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በውሻ ዓይን እዩት

45 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ነገር ለእናንተ ሐውልት ነው፤ ለውሻ ግን ደረጃ ነው። አንድ የማውቀው ቡቺ ከሲሚንቶ ዔሊ ጀርባ ተነስቶ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ከወንበሩ ጠረጴዛ ላይ ወጣና ሙሉ ቅልጥም ይዞ ወረደ። ሰዎቹ ዘወር ሲሉ ዔሊዋ አጠገብ ተጋድሞ ዓይኑን ጨፍኗል። ጢሙ ላይ የቀረው ቅባት ባይኖር ኖሮ ድመቷ ነበር የምትከሰሰው።

ስለዚህ ሐውልቱን ከጠረጴዛ፣ ከአጥር፣ ከቆሻሻ ማጠራቀሚያና ከምግብ ማብሰያ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሜትር አርቁት። ትልቅና ዘላይ ውሻ ካላችሁ ከዚያም በላይ።

ቦታው ከተመረጠ 80 በ55 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 20 ሴንቲ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሩ። ግማሹን ጠጠር ሙሉና ጠቅጥቁት፣ ግማሹን ኮንክሪት፦ አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ አሸዋ፣ ሦስት እጅ ጠጠር። ኮንክሪቱ ሳይደርቅ አራት ቁርጥራጭ ፌሮ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ እንዲወጡ አድርጋችሁ ትከሉበት። አጽሙ የሚታሰረው እነሱ ላይ ነው። በማግስቱ ውሃ አጠጡት። ሁለት ሦስት ቀን ይረፍ። እስከዚያ የፌሮዎቹን ጫፍ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሸፍኑ፤ ለውሻም ለልጅም ዓይን አደጋ ናቸው።

በዙሪያው አበባ ልትተክሉ ካሰባችሁ የአጥንት ዱቄት ወይም የደም ዱቄት ማዳበሪያ አትጠቀሙ። ለአፈሩ ጥሩ ነው፤ ለውሻው ግን «እዚህ አጥንት ተቀብሯል» የሚል ግልጽ መልእክት ነው። መሠረታችሁን ፈልፍሎ ያወጣዋል። የካካዎ ገለባንም በአፈሩ ላይ አታልብሱ። ቸኮሌትን ለውሻ መርዝ የሚያደርገው ቲዮብሮሚን እሱም ውስጥ አለ፣ ሽታውም ይጣራል። ሜታልዲሃይድ ያለበት የቀንድ አውጣ ማጥፊያም እንዲሁ ክልክል ነው።

ደረጃ 3፦ አጽሙ

ባለ ስድስት ሚሊ ፌሮ በቂ ነው። አንዱን የካርቶኑን የጀርባ መስመር ተከትላችሁ እጠፉት፤ ከጭራው ጀምሮ በጀርባው አልፎ አንገቱን ወጥቶ አፍንጫው ላይ ያልቃል። ሦስት ቅስቶች እንደ ጎድን አጥንት ያቋርጡታል፦ ዳሌው ላይ፣ ሆዱ ላይ፣ ትከሻው ላይ። መገናኛውን ሁሉ በማሰሪያ ሽቦ አጥብቁና ከመሠረቱ ፌሮዎች ጋር እሰሩት። ይዛችሁ ስትነቀንቁት ካልተንቀሳቀሰ ጨርሳችኋል።

በላዩ ላይ ባለ ስድስት ጎን ቀዳዳ ያለውን የዶሮ ቤት ሽቦ በሁለት ድርብ አልብሱት። ቀዳዳው ትንሽ ይሁን፣ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ። የሁለቱ ንብርብር ቀዳዳዎች እንዳይገጣጠሙ አንዱን ትንሽ ዘወር አድርጉት፤ ቡኮውን የሚይዘው ይህ ነው። አሁን በእጃችሁ ጨምቃችሁ ቅርጽ ስጡት። ወገቡ ይጎድጉድ፣ ሆዱ ይውጣ፣ የታጠፈው ጉልበት ከፊት ጎላ ይበል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ሽቦው ግልገል ካልመሰለ ሲሚንቶው አያስመስለውም።

ቁርጥራጭ ሽቦ አንድ በአንድ ይለቀም። ውሻ ሽቦ ለምን ይበላል ትሉ ይሆናል። ሽቦ አይበላም፤ ግን ምሳ በልታችሁ ሳትታጠቡ የነካችሁት ሽቦ ምሳችሁን ይሸታል። ማታ ማታ በገመድ የታሰረ ማግኔት ሣሩ ላይ እየጎተታችሁ እለፉ። የሚሰበሰበውን ስታዩ ትገረማላችሁ።

ደረጃ 4፦ ቡኮው

አንድ እጅ ሲሚንቶ፣ ሁለት እጅ ተኩል የተነፋና የታጠበ አሸዋ። ለዚህች ግልገል 20 ኪሎ ሲሚንቶ ይበቃል፣ ምናልባትም ይተርፋል። ውሃው ከሲሚንቶው ክብደት ግማሽ አይሙላ፤ ለ10 ኪሎ ሲሚንቶ ከአራት እስከ አራት ሊትር ተኩል ይሆናል። አሸዋው እርጥብ ከሆነ ከዚያም ይቀንሳል። ውሃ ሲበዛ መለጠፉ ይቀላል፣ ሐውልቱ ግን ይሰነጠቃል።

መፈተኛው ቀላል ነው። በጓንት እፍኝ አንሱና ጨብጡት። እጃችሁን ስትከፍቱ ቅርጹን ይዞ ከቆየ፣ ውሃም ካላንጠባጠበ፣ ደርሷል። በአንድ ጊዜ ብዙ አታቡኩ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የምትጨርሱትን ብቻ። መጠጠር የጀመረን ቡኮ ውሃ ጨምሮ ማለስለስ የለም።

ደረቁን ስታደባልቁ የአፍ መሸፈኛ አድርጉ። ጓንቱም የላስቲክ ይሁን፤ እርጥብ ሲሚንቶ ፒኤች መጠኑ ከ12 በላይ ስለሆነ ቆዳን ያቃጥላል። የውሻንም መዳፍ፣ የውሻንም ምላስ።

ስለዚህ ከዚህ ደረጃ ጀምሮ ውሻው ይታሰር ወይም ቤት ይግባ። «አያገባውም፣ ምን ያደርግለታል» አትበሉ። ሆዳም ውሻ ሰው በባልዲ ውስጥ የሚያማስለውን ነገር ሁሉ የሚያየው በአንድ ዓይን ነው። ራቅ ብሎ ይቀመጣል፣ ምራቁ መዝረብረብ ይጀምራል፣ ቂጡን ሳያነሳ ስንዝር በስንዝር እየተንፏቀቀ ይጠጋል። ስታዩት ዞር ይላል። ሳታዩት ደግሞ አፍንጫው ባልዲው ውስጥ ነው።

ከነካው መዳፉንና አፉን በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ እጠቡት፣ 15 ደቂቃ ያህል። ከዋጠ እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ሲወርድ ያቃጠለው ሲወጣ ደግሞ ያቃጥለዋል። ቀጥታ የእንስሳት ሐኪም ጋ ነው።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ልባስ

ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። በግንበኛ ማንኪያ ወይም በጓንት እጅ ቡኮውን ሽቦው ላይ እየገፋችሁ ለጥፉት። በቀዳዳዎቹ አልፎ ወደ ውስጥ ብቅ ሲል ሽቦውን ጨብጦታል ማለት ነው። ላዩ ላይ ብቻ ከተቀባ ይላጣል። ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ይሁን። የታችኛው ጠርዝ ላይ ሁለት ትንንሽ ክፍተቶች ተዉ፤ ውስጥ የሚጠራቀም እርጥበት በእነሱ ይወጣል።

ልባሱ ትንሽ ሲጠነክር በሹካ ጫሩት። መልኩ ያስጠላል፤ ይሁን። ቀጣዩ ልባስ የሚይዘው ጭረቱን ነው። እርጥብ ጆንያ አልብሱት፣ በላዩ ፕላስቲክ፣ እስከ ማግስቱ።

ደረጃ 6፦ ሁለተኛው ልባስና መልኳ

አስደሳቹ ቀን ይሄ ነው። የደረቀውን ልባስ በውሃ አርጥቡ። ከሲሚንቶና ከውሃ ብቻ የተበጠበጠ ቀጭን ነገር በብሩሽ ቀቡት፣ እሱ ሳይደርቅ ሁለተኛውን ልባስ ለጥፉ። እንደገና አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ። ከመሬት እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ድረስ ግን ወፈር ይበል፣ አንድ ሴንቲ ተኩል። ምክንያቱን የወንድ ውሻ ባለቤት ሁሉ ያውቀዋል። ሽንት ጨው አለበት፤ ልባሱ ከሳሳ ወደ ሽቦው ይደርስና ያዝገዋል። የዛገ ሽቦ ያብጣል፣ ያበጠ ሽቦ ሲሚንቶውን ይሰነጥቃል።

ጆሮዎቹን ለየብቻ ሽቦ ሰክታችሁ ጨምሩ፣ ጉንጯ ላይ አስደግፏቸው። ዓይኗን በጣታችሁ ትንሽ ጎድጎድ አድርጉና ከቡኮው ድብልብል ሠርታችሁ አስገቡበት፣ ቆቡን በቀጭን ቁራጭ ሸፍኑ። የመስታወት ኳስ ወይም ቁልፍ ለዓይን አትጠቀሙ። የሚነቀል ነገር ሁሉ ይነቀላል፣ የተነቀለ ሁሉ ይዋጣል።

ጠጉሯን ለማውጣት ትክክለኛውን ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል። አውራ ጣታችሁን ስትጫኑት ትንሽ ምልክት ብቻ የሚተው ከሆነ ሰዓቱ ነው። በሽቦ ብሩሽ ወይም በሹካ ከአንገቷ ወደ ጭራዋ፣ በሆዷ ላይ ደግሞ ወደ ታች አጫጭር ጭረት አድርጉ። ቀጥ ያለና እኩል የሆነ ጭረት ምንጣፍ ያስመስላታል። አንዳንዴ አቅጣጫ ቀይሩ፣ ትከሻዋ ላይ አዙሩት፣ ግንባሯ ላይ ተዉት። ያለቀ ሲመስላችሁ አቁሙ፤ ብዙ የተነካካ ፊት ይበላሻል።

ደረጃ 7፦ ውሃ ማጠጣት

ሲሚንቶ የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን ከውሃ ጋር በሚያደርገው ኬሚካላዊ ለውጥ ነው። ለዚህ ነው ቢያንስ ሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት ያለበት። ጆንያውን ጠዋትና ማታ አርጥቡ፣ በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ከፀሐይ ከልሉ። ቅዝቃዜው ከአምስት ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በሚወርድበት ወቅት ሥራውን ባትጀምሩት ይሻላል።

ውሻውም በእነዚህ ቀናት አይለቀቅ። ከጆንያው የሚንጠባጠበው ውሃ ሲሚንቶ የነካ ውሃ ነው፣ ውሻው እንዲጠጣው አትፈልጉም።

ደረጃ 8፦ ቀለም

ከ28 ቀን በፊት አትቀቡ፤ ሲሚንቶው ገና አልካሊ ስለሆነ ቀለሙን ያስለቅቀዋል። ነጭ ዱቄት ከወጣበት በደረቅ ብሩሽ ጥረጉት። ለውጭ ግድግዳ የሚሆን አክሪሊክ በቀጭኑ ሁለት ጊዜ፣ ወይም ቀለሙን ትታችሁ ውሃ የማያስገባ ማሸጊያ ብቻ። እኔ ግራጫውን ሲሚንቶ እመርጣለሁ። ጊዜ ራሱ ይቀባዋል። ሁለቱም በደንብ እስኪደርቁ ውሻውን አርቁ።

ውሻውና ግልገሏ ሲተዋወቁ

የመጀመሪያ ቀን በገመድ ይዛችሁ አምጡት። አንዳንዱ ጠጉሩን አቁሞ ይጮህባታል፤ ቅርጿ የእንስሳ ነው፣ ሽታዋ ግን አይደለም። አትጎትቱት። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ በራሱ ጊዜ ዞሮ ያሽታት። ሲረጋጋ ሽልማቱን ስጡት። ስትሰጡት ግን ከሐውልቷ ራቅ ብላችሁ። አጠገቧ ከሰጣችሁት ግልገሏ ምግብ የምታፈልቅ ነገር ሆና ትቀራለች።

በዚሁ ምክንያት ጀርባዋ ላይ ሳህን ወይም ብርጭቆ አታስቀምጡ፣ እንግዳም እንዳያስቀምጥ ንገሩ። ሆዳም ውሻ አንድ ጊዜ ያገኘበትን ቦታ አይረሳም። እንዲያውም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያገኝ ከሆነ ተስፋው ይበልጥ ይጸናል፤ በየቀኑ እየመጣ ይፈትሻታል።

«ተው» የሚለውን ትእዛዝ ሐውልቱን ሳትጀምሩ ብታስተምሩት ሥራው ሁሉ ይቀልላችኋል። አንድ ቁራሽ በጭብጣችሁ ያዙና እጃችሁን አቅርቡለት። ይልሳል፣ በመዳፉ ይቧጥጣል፣ ያለቅሳል። ዝም በሉት። አፍንጫውን ያሸሸበት ቅጽበት ላይ «ጎበዝ» በሉትና ከሌላኛው እጃችሁ ሌላ ቁራሽ ስጡት። የጨበጣችሁትን በፍጹም አትስጡት። ሲገባው እጃችሁን ከፍታችሁ፣ ቀጥሎ መሬት ላይ አድርጋችሁ፣ በመጨረሻም እየሄዳችሁ ሞክሩ። ቃሉ የሚጨመረው ድርጊቱን ከለመደ በኋላ ነው።

በሆዱም አትፍረዱበት። «ሆዳም ፍቅር አያውቅም» ይባላል እንጂ አንዳንዱ ነገሩ በደሙ ነው። የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ካጠኗቸው ላብራዶሮች ከአራቱ አንዱ ገደማ ፒኦኤምሲ በተባለው ዘረመል ላይ ጉድለት ነበረበት። ይህ ዘረመል የጥጋብን ስሜት በመቆጣጠር ሥራ ውስጥ አለበት። ጉድለቱ ያለባቸው ውሾች ክብደታቸው ይጨምራል፣ ምግብም ይበልጥ ያሳድዳሉ። እንዲህ ያለው ውሻ ወደ አትክልት ቦታው ከመውጣቱ በፊት ቁርሱን ይብላ። ምግቡንም እየፈለገ የሚያወጣበት፣ ቀስ እያለ የሚበላበት ሳህን ይኑረው። አፉ ሥራ ያገኘ ውሻ ሐውልት አያኝክም።

ሽንትና ስንጥቅ

ወንድ ውሻ ቀጥ ብሎ የቆመ አዲስ ነገር ሲያይ ምልክት ማድረጉ አይቀርም። ቶሎ በብዙ ውሃ እጠቡት። ለሽንት ሽታ የሚሸጠው ኢንዛይም ያለበት ማጽጃ ጥሩ ነው። አሞኒያ ያለበት ግን ሽታው ከሽንት ጋር ስለሚቀራረብ ይብሱን ይጋብዘዋል። ኮምጣጤም አይሆንም፤ አሲድ ሲሚንቶን ይበላል። ዙሪያዋን 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ድንጋይ ብታነጥፉ ሣሩም አይቃጠልም፣ ቁፋሮም ይቀንሳል። ትንንሽ ጠጠር አትበትኑ፤ ድንጋይ የሚውጥ ውሻ አለ።

ቢያንስ በዓመት አንዴ ዙሩና እዩዋት። ጸጉር የሚያህል ስንጥቅ በውሃ በተበጠበጠ ሲሚንቶ ይሞላል፣ ማሸጊያውም ይታደሳል። ቡናማ እድፍ ከስንጥቅ ከወጣ ሽቦው እየዛገ ነው። እስከ ጤናማው ሽቦ ቆፍራችሁ ዝገቱን አጽዱና እንደገና ለስኑት። ጆሮ ከተቆረጠ ደግሞ በሁለቱም በኩል ቀዳዳ ብሱ፣ አጭር የማይዝግ ዘንግ አስገቡ፣ በውሃ በተበጠበጠ ሲሚንቶ አያይዛችሁ ለአንድ ሳምንት እርጥብ አድርጉት። የተቆረጠውን ጆሮ ግን መጀመሪያ ከውሻው አፍ መቀበል ይኖርባችኋል፤ «ተው» ሥራውን የሚጀምረው ያኔ ነው።